የመረብ ዓይን

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በባሕር ዳር ዙሪያ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን ይፈትሻል፤ የዶለዶመ ማረሻውን ያስቀጠቅጣል። ተማሪው ለፈተና ይጣደፋል፤ የቤት እመቤቷም ማገዶዋን ዝናም ሳያርሰው ከጣራ ሥር ታስገባለች። በጣና ዳርቻ ደግሞ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ከግድግዳ አውርዶ በደጃፉ ይዘረጋና የተበጠሰውን ይቀጥላል። እኔም ምንም እንኳ እንጀራዬ ከትምህርት ቤት እንጂ ከባሕር የማይወጣ ሰው ብሆን፣ በዚሁ ሳምንት ከቁም ሣጥኔ አናት ላይ ያስቀመጥሁትን ረጅም የጨርቅ ከረጢት አወርዳለሁ። ከረጢቱ ሲወርድ የቤተ ሰቤ አባላት እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ «ክረምት ገባ ማለት ነው» ብለው ይሥቃሉ።

በከረጢቱ ውስጥ ያለው አራት ቦታ ተከፍሎ የሚገጣጠም ቀጭን ዘንግ ነው። ከአያሌ ዓመታት በፊት በባሕር ዳር ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ከነማጠንጠኛውና ከነክሩ የሰጠኝ ነው። ሲሰጠኝም «በዚህ ዘንግ ትል እንዳትሰቅልበት» ብሎ አደራ አለኝ። ነገሩ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። በአገራችን መንጠቆ ይዞ የሚወጣ ሰው ሁሉ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም ሊጥ ይሰካል። በዚህ ዘንግ የሚወረወረው ግን ላባና ጠጕር በመንጠቆ ላይ በክር ተጠምጥሞ፣ ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ መስሎ የተሠራ ማታለያ ነው። ማታለያው እንደ ላባ የቀለለ ስለ ሆነ ራሱን ችሎ አይወረወርም፤ ወፍራሙ ክር በራሱ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይዞት ይሄዳል። ይህን እስክለምድ ድረስ የገዛ ጆሮዬን ሁለት ጊዜ አጥምጃለሁ።

ጥበቡ እጅግ የቆየ ነው። የሮማው ጸሐፊ ኤሊያኑስ፣ ከ1800 ዓመታት በፊት ገደማ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠምጥመው ሁለት የዶሮ ላባ እያሰሩበት ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተንም በ1653 እ.ኤ.አ. ስለ ዓሣ ማጥመድ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ አንባቢ አላጣም። በሰሜን አሜሪካ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ደግሞ በዚህ ዓይነት ዘንግ የሚታደን «ስቲልሄድ» የሚሉት ዓሣ አለ፤ ትርጓሜው «ባለ ብረት ራስ» ማለት ነው። ይህ ዓሣ በወንዝ ይወለዳል፤ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ ያድጋል፤ ለመራባትም ወደ ወንዝ ይመለሳል። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣ፣ ባለ ቀስተ ደመናው ዓይነት ማለቴ ነው፣ ከዚሁ ከስቲልሄድ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የሚለየው ወደ ባሕር ባለመውረዱ ብቻ ነው። ዘንጉን የሰጠኝ ሰው ስለ ስቲልሄድ ሲያጫውተኝ፣ «ይህማ እኛም አገር አለ» አልሁት። እርሱ የባሌውን የምነግረው መሰለው፤ እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ጉማራ ነበር።

የጣና ሰው ሐይቁን «ባሕር» ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም። ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ነገር ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ውሃ ነው። ወደ ታች ሲሄዱ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ እንደ ቅጥር ዘግቶታል። በዚህ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ብቻውን ተባዝቶ ወደ አሥራ አምስት የሚጠጉ ዓይነቶች ወጥተውታል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። አንዱ ከንፈሩ የወፈረ፣ ሌላው ጀርባው የጎበጠ፣ ሌላው አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደዚህ መጥቶ አንዳንዶቹን ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት ዓይነቶቹን ለይተው ጻፉ። ከሁሉም የሚያስደንቀው ስምንቱ ዓሣ የሚበሉ መሆናቸው ነው። የዚህ ወገን ዓሣ በአፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ያለው በጉሮሮው ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ትንንሹን ዓሣ እያሳደደ ይውጣል። የእኔም የላባ ዓሣ በጣና የሚያገለግለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰኔው ሥራ ልመለስ። ማጠንጠኛውን ስፈታው የአምናው የጉማራ ደለል እንደ ዱቄት ይራገፋል፤ በነጭ ጋዝ አጥቤ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ክሩን ለብ ባለ ውሃ በሳሙና አጥቤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል እዘረጋዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ባለቤቴ የልብስ ማስጫ መስሏት ነጠላዋን ልትሰቅልበት ስትል ደርሻለሁ። ክሩ የሚያልፍባቸውን የዘንጉን ቀለበቶች ደግሞ አንድ በአንድ በጥጥ አብሳለሁ። ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ቀለበትም ዓመቱን ሙሉ ክር ሲበላ ይኖራል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጥጥ ያገኘዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማታለያውን መሥራት ነው፤ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ አስይዤ፣ ክሩን በሰም አሽቼ እጠመጥማለሁ። ለፋሲካ ከታረደው አውራ ዶሮ የአንገቱን ላባ አስቀድሜ አስቀምጫለሁ፤ ከሁሉም የምመርጠው ገብስማውን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ለሆዱ የሚሆነውን ነጭ ጠጕር ከአባቴ አሮጌ ጭራ ነቅያለሁ፤ ዝንብ ማባረሪያው ዝንብ መሥሪያ ሆነ። ለብልጭታው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ብርማ ወረቀት፣ ለማተሚያው ደግሞ የልጄን የጥፍር ቀለም እወስዳለሁ፤ ልጄ ስለዚህ ጉዳይ ያላትን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም። በዚህ ዓመት ሃያ ሁለት ሠራሁ። ሃያ ሁለቱንም ከጨረስሁ በኋላ ግን በጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ረጅም ጊዜ ተመለከትኋቸው፤ ምክንያቱ የአምናው ነገር ነው።

ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ደለል ተሸክመው ወደ ጣና ሲወርዱ፣ ነጩ ዓሣ ሽታውን ያገኘ ይመስል ከባሕሩ ተነሥቶ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖ፣ ግልገል ዓባይ በዚህ የታወቁ ናቸው። ከአሥራ አምስቱ ዓይነቶች ሰባት ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ተራ በተራ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም ይበዛሉ። የሚፈልጉት የፎገራን ጭቃ አይደለም፤ ከሜዳው በላይ ጠጠር ያለበትን፣ ውሃው ጠርቶ የሚሮጥበትን ቦታ ነው። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ጥለው ወደ ባሕር ይመለሳሉ። ለዚህ ጉዞ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የወንዙ አፍ ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደ ቆመ ለማኝ ነው፤ ሁሉም በፊቱ ያልፋል። የገበያውም ጊዜ በአንድ ወገን ይገጥማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ልተወውና፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን የሚጾመው ከተሜ ዓሣ መፈለጉ የታወቀ ነው።

አምና በነሐሴ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሄጄ፣ ወረታ ሳልደርስ ከጉማራ ድልድይ ወርጄ፣ የወንዙን ዳር ይዤ ብዙ ወደ ላይ ተጓዝሁ። ወደ ማታ አንድ ዓሣ ያዘልኝ። ርዝመቱ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አልያዝሁም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መንጠቆውን ላወጣ ሆዱን ደገፍ አድርጌ ስይዘው ግን ብጫ እንቁላል በመዳፌ ላይ ፈሰሰ፤ በጣቶቼ መካከል ወርዶ በጭቃው ላይ ተበተነ። እንቁላሏን ልትጥል የመጣች እናት ነበረች። ቶሎ ልለቃት ብል መንጠቆው አልወጣ አለ፤ ከጫፉ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የምትመለሰው ትንሽ እሾህ መንጋጋዋን ነክሳ ይዛ ነበር። በመጨረሻ ነቅዬ ለቀቅኋት። በጎኗ ተንሳፈፈች፤ ውሃውም ወሰዳት። ትዳን ትሙት አላየሁም። በዚያ ዓመት ዘንጉን ዳግመኛ አልገጣጠምሁትም።

እነሆ በዚህ ሰኔ ሃያ ሁለቱን መንጠቆዎች በጨርቅ ጠቅልዬና ፒንሳዬን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፋ ዓሣ አጥማጅ ነው። በወጣትነቱ በደንገል ታንኳ አጥምዷል፤ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከባሕር ወጥቶ መድረቅ፣ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በአዲስ መተካት አለበት። ነገደ ወይጦ በሚታወቁበት በዚህ ጥበብ ዛሬ የሚሠራ ሰው እየጠፋ ነው፤ ደንገሉም ከባሕር ዳር አካባቢ እየሸሸ ነው። ሽማግሌው እንደ ልማዱ ከጣራው ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ለተንሳፋፊ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ቁራጭ፣ ለማስመጫ ድንጋይ አዘጋጅቷል።

«መምህር፣ ያንን የዶሮ ላባ ዘንድሮም ልታጠምዱበት ነው?» አለኝ።

«አያ፣ ዘንድሮ ጥርሱን ላወልቅ ነው የመጣሁት» ብዬ ከጎኑ ተቀመጥሁና የመንጠቆዎቹን እሾህ በፒንሳ እየጨፈለቅሁ ማስተኛት ጀመርሁ። እሾህ የሌለው መንጠቆ ዓሣውን ብዙ ጊዜ ያስመልጣል፤ የያዘውን ግን ሳያቈስል ይለቅቃል። ሽማግሌው ነገሩን ስነግረው አልሣቀም። ከኪሱ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት አወጣ። ከአባቱ የወረሳት ናት፤ ከብዙ ዘመን አገልግሎት የተነሣ ጠርዟ እንደ ቀንድ አንጸባርቋል። መረብ ሲሠራ ክሩ በዚህች እንጨት ላይ እየዞረ ይቋጠራል፤ ስለዚህ የመረቡ ዓይን ሁሉ በእርሷ ልክ ይወጣል። አራት ጣት ያስገባል።

የዚህን ዓይን ነገር ትንሽ ላብራራ። መረብ በባሕር ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቃል። ዓሣው በጨለማ ሲመጣ ራሱን ያስገባል፤ ሰውነቱ አላልፍ ሲለው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ክሩ ከጕንጩ ክዳን ሥር ይገባና ይይዘዋል። ትንሹ ዓሣ ግን ሳይነካ ያልፋል። ማን ይያዝ ማን ይለፍ የሚለው ፍርድ የሚሰጠው እንግዲህ በባሕር ላይ ሳይሆን በሰኔ ከጣራ ሥር፣ ቋጠሮው በሚቋጠርበት ጊዜ ነው። ዓይኑ በሁለት ጣት ከጠበበ ገና አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ያልጣለው ይያዛል።

በሽማግሌው ጀርባ፣ በግድግዳው ላይ፣ እንዲህ ያለ መረብ ተሰቅሎ ነበር። ከገበያ የተገዛ፣ እንደ መስተዋት የጠራ፣ ገና ያልተፈታ ጥቅል ነው። ሁለት ጣቴን ሰደድሁበት፤ ሦስተኛው አልገባም። ያመጣው ልጁ ነው። ልጁ ከቤት ወጥቶ ስመለከተው አየኝ፤ ሁለታችንም ጥቂት ዝም አልን። እኔ ግን መምህር ነኝና ዝምታ አይሆንልኝም፤ መናገር ጀመርሁ። በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ በጣና የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ ትልልቁ ነጭ ዓሣ ከአራት ሦስት እጁ መጥፋቱን ሊቃውንት መዝግበው ማግኘታቸውን ነገርሁት። ይህም በርብ ላይ ግድብ ከመሠራቱ፣ እንቦጭም ባሕሩን ከመውረሩ በፊት ነው። ናይሎን እንደ ጥጥ ክር የማይበሰብስ ስለ ሆነ፣ በባሕር ውስጥ የጠፋ መረብ ባለቤት ሳይኖረው ሲያጠምድ እንደሚኖርም ጨመርሁበት።

ልጁ በትሕትና አዳምጦ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩን እኔም አውቀዋለሁ» አለኝ። «አባቴ በአንድ ሌሊት ያወጣ የነበረውን እኔ በሳምንት አላወጣም። ያጠበብሁትም ስለዚህ ነው። እርስዎ ይዘው ቢለቁት ደመወዝዎ ዓሣ ያዙም አልያዙም በወሩ መጨረሻ ይመጣል። እኔ ያሳለፍሁትን ዓሣ ግን ከእኔ በኋላ ያለው ጀልባ ያነሣዋል። ልጆቼ የእርሱን ልጆች ቁመው ይዩ?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር አሁንም የለኝም። አገሪቱ ሕግ አላት፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ቀድሞ በየወንዙ ይደረግ እንደ ነበረው በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ ማስከር በዚህ ዘመን ወንጀል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ጠባቡ መረብ በጠራራ ፀሐይ በገበያ ከተሸጠ በኋላ፣ በ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ በሌሊት እየዞሩ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ይህን የሚያነቡ ሹማምንት ካሉ፣ መረብ ከባሕር ይልቅ በሱቅ ውስጥ በቀላሉ እንደሚገኝ ላስታውሳቸው እወዳለሁ። ለልጁ ግን ይህን አልነገርሁትም፤ የሚበላ ነገር አይሆነውምና።

ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው፣ «ከሐምሌ እስከ መስቀል በዚህ ቤት መረብ ወደ ጉማራ አፍ አይሄድም። ባሕሩ ሰፊ ነው። ከዚያ በኋላ እንዳሻህ» አለ። ልጁም «ሌሎቹስ?» አለ። አባቱ አልመለሰለትም።

ነገሩን ለማብረድ ብዬ አንድ ቋጠሮ እንዲያስተምረኝ ሽማግሌውን ለመንሁት። እንጨቲቱን ሰጠኝ። የላባ ዝንብ ስቋጥር ጣቶቼ የሠለጠኑ ይመስሉኝ ነበር፤ የመረቡ ቋጠሮ ግን ሦስት ጊዜ ተንሸራተተብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ በምላጭ ቈረጠው። «የሚንሸራተት ቋጠሮ ዓይኑን ያጠበዋል፤ ሳታውቁት ጠባብ መረብ ትሠራላችሁ» አለኝ። አራተኛው ያዘ። አምስተኛውን ስጀምር ከዘጌ በኩል ጠቍሮ የነበረው ደመና ደረሰና ዝናሙ ወረደ። ሁላችንም ተነሣን። ልጁ የተዘረጋውን የአባቱን መረብ በአንድ ክንዱ፣ አዲሱን ጥቅል በሌላው አቅፎ ወደ ቤት ሮጠ፤ እኔም መንጠቆዎቼን ከነጨርቁ ጨብጬ ወደ ቤቴ።

እቤቴ ደርሼ ኪሴን ስፈትሽ የእንጨት መለኪያዋን ይዣት መጥቻለሁ። በማግሥቱ ጧት ልመልሳት ስሄድ ሽማግሌው ወደ ባሕር ወርዶ ነበር። የተቀበለኝ ልጁ ነው። እንጨቲቱን በእጁ ገለባበጣት፤ ወደ ግድግዳው ሄዶ በአዲሱ መረብ ዓይን ላይ ለካት። አልገባችም። እኔን ዘወር ብሎ ሳያየኝ በኪሱ ከተታትና፣ «አባቴ ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አለኝ።